የ194,313 ሆድ ዕቃ

ስለ አንድ ቁጥር ብቻ ልጽፍ ነው፤ ስለ 194,313። የማንም ስልክ ቁጥር አይደለም፣ ሎተሪም አልወጣበትም። በእኛ የዘመን አቆጣጠር የአንድ ዐቢይ ቀመር፣ ማለትም የ532 ዓመት፣ ዕለታት ብዛት ነው። 532 ዓመት ሲሞላ የሳምንቱ ዕለት፣ ወንጌላዊውና የጨረቃዋ ሌሊት በአንድነት ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ፤ ከዚያም በዓላቱና አጽዋማቱ በቀደመው ቅደም ተከተል እንደገና አንድ ብለው ይጀምራሉ። በ2018 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ከ532 ዓመት በፊት፣ በአፄ እስክንድር ዘመን በ1486 ዓ.ም.፣ እንዲሁ ሚያዝያ 4 ነበር።

በጎጃም 532 እንግዳ ቁጥር አይደለም። ከዲማ ጊዮርጊስ እስከ መርጦ ለማርያም፣ ከደብረ ወርቅ እስከ ደብረ ኤልያስ ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ስሌቱን፣ የቀመሰ ተማሪ ሁሉ አፉን የፈታበት ያህል ያውቀዋል። ዕለታቱን ቆጥሮ፣ የተገኘውን ቁጥር በልቶ የሚያየው ሰው ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ምክንያቱ ይገባኛል። ለሊቁ ቁጥሩ መሣሪያ ነው፤ ጾም መቼ እንደሚገባ ከነገረው ሥራውን ጨርሷል። እኔ ግን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ቁጥር ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ምን እንደሚመስል ማየት ደስ ይለኛል።

532ን መጀመሪያ የተማርሁት በቁጥርነቱ አልነበረም። ልጅ ሳለሁ ክረምቱን ደብረ ኤልያስ አጠገብ ከየኔታ ዘንድ እውል ነበር። የኔታ ግራ እጃቸውን ዘርግተው በቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት አንጓውን እየነኩ «ዐሥራ ዘጠኝ ስንት ነው?» ይሉኛል። ዝም ስል «አንድ እጅ ነው» ይላሉ። አራቱ ጣቶች ሦስት ሦስት አንጓ አላቸው፣ ዐሥራ ሁለት፤ አውራ ጣት ሁለት፣ ዐሥራ አራት፤ አምስቱ ጥፍሮች ሲጨመሩ ዐሥራ ዘጠኝ። «ሃያ ስምንትስ?» ጥፍሩን ትተው ሁለቱንም እጅ ይዘረጋሉ። ዐሥራ አራትና ዐሥራ አራት። ጨረቃዋ በአንድ እጅ ከነጥፍሩ፣ ፀሐይ በሁለት እጅ ያለ ጥፍር፤ የአንዱ ዙር ከሌላው ዙር ጋር ሲባዛ 532። ብዙ ቆይቼ እንዳነበብሁት በሰሜን እንግሊዝ የኖረው መነኩሴ ቤዳ እ.ኤ.አ. በ725 በጻፈው የዘመን ስሌት መጽሐፍ ይህንኑ የእጅ ቆጠራ አስፍሮታል። ማን ከማን ተማረ ለሚለው ክርክር ጉጉት የለኝም። የሰው እጅ የትም ቢሄድ ዐሥራ አራት አንጓና አምስት ጥፍር ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ዐውዶቹን በአጭሩ ልንገር። ሳምንት ሰባት ዕለት ነው፤ ዓመታት በተራ በስማቸው የሚጠሩባቸው ወንጌላውያን አራት ናቸው፣ በአራቱ ዓመት ዙር ውስጥም አንድ ጊዜ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ሰባት በአራት ሃያ ስምንት፣ ይህ ዐውደ ፀሐይ ነው። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ደግሞ ጨረቃ 235 ጊዜ ትታደሳለች፤ ይህ ዐውደ አበቅቴ ነው። ዐሥራ ዘጠኙ በአራት ሲባዛ 76 ዓመት፣ ዐውደ ማኅተም ይባላል። ያም በሰባት ሲባዛ 532 ዓመት፣ ዐውደ ቀመር ወይም ዐቢይ ቀመር ነው። አራት ዓመት 1,461 ዕለት አለው፤ በ532 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያሉ አራት አራት ዓመታት 133 ናቸው፤ 133 በ1,461 ሲባዛ 194,313። ጳጉሜንም 133 ጊዜ ስድስት ትሆናለች ማለት ነው።

ይህን ቁጥር በግእዝ ፊደል ስጽፈው ፲፱፼፵፫፻፲፫ ይሆናል። ዐሥራ ዘጠኝ እልፍ፣ አርባ ሦስት መቶ፣ ዐሥራ ሦስት። የእኛ ቁጥር ዜሮ የለውም ብሎ ማዘን የተለመደ ነው፤ ኀዘኑ የተጋነነ ይመስለኛል። የግእዝ ቁጥር ቁጥሩን በሁለት በሁለት ቤት ስለሚቆርጠው አንዳንድ ፍተሻ ይበልጥ ይፈጥንበታል። ለምሳሌ ሦስቱን ቁራጮች ልደምር፤ 19፣ 43፣ 13፣ ድምሩ 75። መቶ በ99 ሲካፈል ቀሪው አንድ ስለሆነ ይህ ድምር ቁጥሩ በ99 ሲካፈል የሚኖረው ቀሪ ነው። 75 ለሦስት ይካፈላል፣ ለዘጠኝ አይካፈልም፣ ለዐሥራ አንድም አይካፈልም። ስለዚህ 194,313ም እንደዚሁ ነው። በአንድ መደመር ሦስት ጥያቄ ተመለሰ።

ለሰባት ደግሞ መቶ ከ98 ሁለት ይተርፈዋል። ስለዚህ ከቀኝ ወደ ግራ የመጀመሪያውን ቁራጭ እንዳለ፣ ሁለተኛውን በሁለት፣ ሦስተኛውን በአራት አባዝቼ እደምራለሁ። 13፣ 86፣ 76፤ ድምሩ 175፣ ሰባት ጊዜ ሃያ አምስት። ቁጥሩ ለሰባት ተካፈለ። ለዐሥራ ዘጠኝ ሲሆን መቶ ከ95 አምስት ይተርፈዋል፤ ፊት የተቀመጠው ፲፱ ራሱ ዐሥራ ዘጠኝ ስለሆነ ዝም ብሎ ይወድቃል፤ የቀረው 43 በ5 ሲደመር 13፣ ማለትም 228 ነው፤ 228 ደግሞ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ነው። ይህችን 228 ያዙልኝ፣ ትንሽ ቆይታ ትመጣለች።

ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ስንበትነው 3 × 7 × 19 × 487 ይሆናል። አራቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከአንድና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። አንዱም አልተደገመም። አካፋዮቹ በጠቅላላው ዐሥራ ስድስት ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል 133፣ 1,461፣ 27,759 ይገኛሉ፤ ሁሉም የዘመን ቆጠራ ባለሟሎች ናቸው።

27,759ን ለብቻዋ ላንሳት። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሁለት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። በ532 ዓመት ውስጥ ስንት ሳምንት አለ? በ76 ዓመት ውስጥ ስንት ዕለት አለ? ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ደብተሯን ደጋግማ አየችና «መምህር፣ ሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን መልስ ገልብጬ ይሆናል፣ አንድ ሆነብኝ» አለች። አልገለበጠችም። ሁለቱም 27,759 ናቸው። 532 ዓመት የ76 ዓመት ሰባት እጥፍ ነው፤ ሳምንትም የዕለት ሰባት እጥፍ ነው፤ ሰባቱ ከሰባቱ ጋር ይጣፋል። ምክንያቱን ስነግራት «እንግዲያው አያቴ በዕለት የኖረውን ቀመሩ በሳምንት ይኖረዋል» አለች። ሰባ ስድስት ዓመት የኖረ አያት እንዳላት ከዚያ በኋላ ነው የሰማሁት። ከእኔ ማብራሪያ የእርሷ ይሻላል፤ ከዚያ ወዲህ የማስተምረው በእርሷ አነጋገር ነው። ይህችን 27,759 ዕለት ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው የሰማይ ተመልካች ካሊፖስ 940 የጨረቃ ወር አድርጎ አስልቷታል። ዐውደ ማኅተማችን ከእርሱ ዙር ጋር ልክ ለልክ አንድ ነው።

ከአራቱ ብቸኛ ቁጥሮች ሦስቱ እንዴት እንደ ገቡ ግልጽ ነው ማለት ይቻላል። ሰባቱ ከሳምንት፣ ዐሥራ ዘጠኙ ከጨረቃ። ሦስቱና 487ቱ ተያይዘው የመጡት ከ1,461 ነው፤ አራት ጊዜ 365 ሲደመር አንድ። ሦስትስ ትንሽ ቁጥር ናት፣ የትም ትገኛለች። 487 ግን ያልተጠራ እንግዳ ነው። ማንም አላሰበውም፣ በባሕረ ሐሳብ መጽሐፍ ውስጥ ስሙ አይነሣም፣ ግን የእያንዳንዱ አራት ዓመት አጥንት እርሱ ነው።

አራቱን ጎን ለጎን ጽፌ ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ስቀንስ ያገኘሁት ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ። 2፣ 6፣ 18፣ 486። ስድስት የሁለት ሦስት እጥፍ ነው። ዐሥራ ስምንት የስድስት ሦስት እጥፍ ነው። 486 የዐሥራ ስምንት ሃያ ሰባት እጥፍ ነው፤ ሃያ ሰባት ደግሞ ሦስት በሦስት በሦስት። አራቱም የሚወለዱት «ሁለትን ይዘህ በሦስት ደጋግመህ አባዛ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጨምር» ከሚል አንድ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን በተራ ብንፈጽመው 3፣ 7፣ 19፣ 55፣ 163፣ 487፣ 1,459 እያለ ይሄዳል። 55 አምስት በዐሥራ አንድ ስለሆነ ብቸኛ አይደለም፣ ይውጣ። 163 ብቸኛ ነው፤ ግን በእኛ ቁጥር ውስጥ የለም። ከእርሱ በቀር ከሦስት እስከ 487 ያሉት የዚህ ቤት ልጆች ሁሉ ተሰብስበው አንድ ዐቢይ ቀመር ሆነዋል፤ ባዕድም አልተቀላቀለባቸውም።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ነገር አለ። ከ194,313 በታች ካሉት ሙሉ ቁጥሮች ውስጥ ከእርሱ ጋር ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስንት ናቸው? በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የስዊዙ ሊቅ ኦይለር ባሳየው መንገድ፣ ከእያንዳንዱ ብቸኛ አካፋይ አንድ እየቀነሱ ማባዛት ነው፤ 2 × 6 × 18 × 486። ውጤቱ 104,976 ነው። 104,976 ደግሞ 18 × 18 × 18 × 18 ነው፤ አልተጠጋጋም፣ አልተረፈም፣ አልጎደለም። ማሽኑ ላይ ሁለት ጊዜ ሥሩን ስጫን መጀመሪያ 324፣ ቀጥሎ 18 ወጣ። እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ ሒሳብ አስተማሪ ብቻውን ክፍል ውስጥ ቢስቅ አይፈረድበትም። ለምን እንደ ሆነ ግን መቁጠር ይቻላል። በብዜቱ ውስጥ አራት ሁለቶች አሉ፤ ሦስቶቹ ዜሮና አንድ፣ ሁለትና አምስት፣ በድምሩ ስምንት ናቸው። አራትም ስምንትም ለአራት ስለሚካፈሉ ሙሉ አራተኛ ርቢ ሆነ። በ487 ቦታ 163 ገብቶ ቢሆን ኖሮ ሦስቶቹ ሰባት ይሆኑና ነገሩ ሁሉ ይፈርስ ነበር።

ይህን ሳወራ «ይህማ ምሥጢር አለው!» የሚል ሰው አይታጣም። አንዱ ሥላሴን ከሦስቱ ጋር ያያይዛል፣ አንዱ ሰባቱን ወደ ምሥጢራት ይወስዳል፣ አንዱ 2480 ዓ.ም. ላይ ምን እንደሚሆን ይጠይቀኛል። በቁጥር ውስጥ ትንቢት የሚፈልግ ሰው ያስፈራኛል፤ ፈልጎ ስለሚያገኝ ነው የሚያስፈራኝ። ያቺን 228 አስታውሱ። የ2018 ዓ.ም.ን ፋሲካ ለማውጣት ዓመተ ዓለሙን፣ ማለትም 5,500 ሲደመር 2018፣ 7,518ን በ19 እንገድፋለን (አካፍለን ቀሪውን እንይዛለን)፣ 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ትተን ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ11 ተባዝቶ በሠላሳ ሲገደፍ አበቅቴው 12 ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በሠላሳ ሲገደፍ መጥቅዑ 18። መስከረም 18 እሑድ ይውላል፣ የእሑድ ተውሳክ፣ ለዕለቱ የተመደበው ጭማሪ፣ 7 ነው፤ ከ18 ጋር ሲደመር መባጃ ሐመሩ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ከዚያ በ69ኛው ቀን ፋሲካ፣ ሚያዝያ 4። እነሆ 228 ተመልሳ መጣች፤ ለዚያውም በዓመቱ ፋሲካ መካከል። ምን ማለት ነው? ምንም ማለት አይደለም። በየትኛውም ዓመት ወንበር በ19 ይባዛል፤ ዘንድሮ ወንበሩ ዐሥራ ሁለት ሆነ፣ ያኔም ቀሪዬ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ሆነ። ትንሽ ቁጥሮች በሞሉበት ገበያ ሁለት ሰዎች ቢገጫጩ ዝምድና አያስቈጥርም።

የአራተኛው ርቢ ነገርስ? እርሱም ማንም ያላሰበው ነው፤ ግን ከ228 ይለያል። 228 በዘንድሮ ዓመት ላይ የተንጠለጠለች ናት፣ ከርሞ ትጠፋለች። የ18 አራተኛ ርቢ ግን ቁጥሩ እስካለ ድረስ አለ፤ ዓመቱ ቢቀየር፣ ቀመሩን የሚያውቅ ቢጠፋ እንኳ አይነካውም።

ሌላው ባሕርይ ከጂኦሜትሪ ይመጣል። በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ ጎኖቹም ማዕዘኖቹም እኩል የሆኑ ጎነ ሰባት መሥራት አይቻልም፤ ጎነ ዐሥራ ዘጠኝም አይቻልም። ጀርመናዊው ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1796፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ጎነ ዐሥራ ሰባት እንደሚቻል አሳይቶ ዓለምን አስገርሟል። አንድ ተጨማሪ መሣሪያ ቢፈቀድ፣ ማለትም ማንኛውንም ማዕዘን እኩል ሦስት ቦታ የሚከፍል፣ በሩ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1895 አሜሪካዊው ጄምስ ፒርፖንት ካሳየው ነገር እንደሚከተለው አንድ ሲቀነስባቸው በሁለትና በሦስት ብቻ የሚበተኑ ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ያን ጊዜ ይገባሉ። የእኛ አራቱ እንደዚያ ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የዐቢይ ቀመር ዕለት አንድ ጎን ያለው፣ 194,313 እኩል ጎን ያለው ቅርጽ በሐሳብ ደረጃ ሊሠራ ይችላል። በጎጃም ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲተከል መሬት ላይ ክቡን በገመድ የሚያስምር ሰው ዐይቻለሁ፤ በዚያ ገመድ ይህን ቅርጽ ቢያስምረው ከክቡ ለይቶ የሚያየው ዐይን አይገኝም።

አስርዮሹም የራሱ ጠባይ አለው። አንድን ለሰባት ስናካፍል 142857 እየተደጋገመ ይሄዳል፣ ስድስት አኃዝ። አንድን ለዐሥራ ዘጠኝ ስናካፍል 052631578947368421፣ ዐሥራ ስምንት አኃዝ። ሁለቱንም መካከላቸው ላይ ቆርጣችሁ ግማሹን በግማሹ ላይ ብትደምሩ ዘጠኝ ብቻ ይሰለፋል፤ 142 ሲደመር 857፣ 999። 487ም ሲካፈልበት እንዲሁ እስከ ጫፉ ይሄዳል፣ 486 አኃዝ ሳይደጋገም። አንድን ለ194,313 ስናካፍል 0.00000514633 ብሎ ይጀምርና ከ486 አኃዝ በኋላ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ስድስቱም ዐሥራ ስምንቱም በ486 ውስጥ ያለ ቀሪ ስለሚገቡ ነው።

487 ግን ከዚህም ያለፈ ጉድ አለው። ብቸኛ ቁጥርን በራሱ ስናባዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚደጋገመው የአስርዮሽ ርዝመት በቁጥሩ ልክ ይባዛል። ለሰባት ስድስት አኃዝ ከሆነ ለአርባ ዘጠኝ አርባ ሁለት ነው። በዚህ ደንብ ለ487 በ487፣ ማለትም ለ237,169፣ ርዝመቱ 236,682 ሊሆን በተገባ ነበር። አልሆነም። እዚያው 486 ላይ ቆመ። እንዲህ የሚያደርጉ ብቸኛ ቁጥሮች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ የታወቁት 3፣ 487 እና 56,598,313 ናቸው። ከሦስት ቀጥሎ 487፣ ከዚያ እስከ ሃምሳ ስድስት ሚሊዮን ድረስ ማንም የለም። ሁለቱ ታናናሾች ደግሞ ሲባዙ 1,461 ናቸው፤ ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ ያለው የአራት ዓመት ዕለት። በኮምፒውተር ተፈልገው የሚታደኑ ቁጥሮች ናቸው፣ እኛ ግን በየአራት ዓመቱ ስንኖርባቸው ኖረናል።

እስካሁን ያወራሁት ቁጥሩ ከራሱ ጋር ስላለው ስምምነት ነው። ከሰማይ ጋር ያለው ስምምነት ሌላ ጉዳይ ነው። ስሌቱ በ532 ዓመት ውስጥ 6,580 የጨረቃ ወራት አሉ ይላል፤ 28 ጊዜ 235። የጨረቃ ወር በአማካይ 29.53059 ዕለት ነው። ሲባዛ 194,311 ከሩብ ያህል ይሆናል። ቁጥራችን ከጨረቃ በአንድ ቀን ተኩል ይበልጣል፣ እንዲያውም ከዚያ ትንሽ በዛ ይላል። በፀሐይ በኩል ልዩነቱ ይብሳል፤ 532 የፀሐይ ዓመት 194,309 ዕለት ገደማ ነው፣ አራት ቀን አለፍናት ማለት ነው። ልዩነቱ በየዐቢይ ቀመሩ ይከመራል። በ2018 ዓ.ም. ስሌቱ ሙሉ ጨረቃን መጋቢት 28 ላይ ያስቀምጣታል። ደብረ ማርቆስ ላይ ቆሞ ሰማዩን ለሚያይ ግን ጨረቃዋ የምትሞላው መጋቢት 24 ነው፤ ሊነጋ ሲል።

ያለ ምንም ቀሪ ከ194,313 ጋር የሚስማማው ሳምንቱ ብቻ ነው፤ 27,759 ሳምንት፣ አንድ ዕለት አይተርፍም። ሳምንቱን ደግሞ ሰማይ አልሠራውም። በሰማይ ላይ በሰባት ዕለት የሚዞር ነገር የለም። ከጨረቃና ከፀሐይ ጋር ስንደራደር ቀሪ ይተርፈናል፣ ራሳችን ከቆጠርነው ጋር ግን እኩል እንወጣለን።

አሁን ያለንበት ዐቢይ ቀመር ዐሥራ አምስተኛው ነው። ዐሥራ አራተኛው የተዘጋው በጳጉሜን 1948 ዓ.ም. ነው፤ 14 ጊዜ 532፣ 7,448፤ ከዚያ 5,500 ሲቀነስ 1948። በማግስቱ፣ ማክሰኞ መስከረም 1 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ ዐውዶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከመነሻቸው ተነሡ፤ ዘመኑ ማቴዎስ፣ ወንበሩ አልቦ፣ ማለትም ምንም፣ አበቅቴውም አልቦ። በዕድሜ ከሰባው የዘለሉ ጎረቤቶቼ ከሌላ ቀመር የመጡ ናቸው ማለት ነው። የኔታ በዚያ ዓመት ተማሪ ነበሩ። ያን ዕለት ልብ ብሎ ያከበረው ሰው ነበር ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ማን ልብ ይለዋል ልጄ፣ እንቁጣጣሽ እንቁጣጣሽ ነው፤ እኛ ቁራሽ ፍለጋ ወጥተን ነበር» አሉኝ። የሚቀጥለው የቀመር መነሻ ማክሰኞ መስከረም 1 ቀን 2481 ዓ.ም. ነው። ያኔ ዓመተ ዓለሙ 7,980ን ጨርሶ 7,981 ይላል፤ 7,980 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1583 ጆሴፍ ስካሊገር ለራሱ የዘመን ስሌት 28ን፣ 19ንና 15ን አባዝቶ ያገኘው ቁጥር ነው። 28 በ19 ስናባዛ 532 ስለምናገኝ መገናኘታቸው አያስደንቅም። ምሥጢር ፈላጊዎች ግን ይህን ዐሥራ አምስት እንዳያገኙብኝ እመኛለሁ።

አንዳንድ ጊዜ ተማሪዎቼ «የፈረንጆቹስ ስንት ነው?» ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1582 የተሻሻለው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ፀሐይንም ጨረቃንም ከእኛ በተሻለ ይከተላል፤ ይህን መካድ አልችልም። ዋጋው ግን ፋሲካቸው ዙሩን ጨርሶ የሚገጥመው በ5,700,000 ዓመት መሆኑ ነው። በዕለት 2,081,882,250። ይህን በአንጓ የሚቆጥር እጅ የለም። ሰሌዳ ላይ ጽፌ እንዲበትኑት ሰጠኋቸው። ያቺው ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ ቀድማ ወጣች፤ 2 × 3 × 3 × 3 × 3 × 5 × 5 × 5 × 7 × 19 × 773። ሦስቱ አራት ጊዜ ተደግሟል፣ አምስቱ ሦስት ጊዜ። ሳልነግራት ከ773 ላይ አንድ ቀነሰችና 772ን ለሦስት ሞከረችው። አልተካፈለም። ለአራት አካፈለችው፣ 193 ሆነ፤ እዚያ ላይ ቾኩን አስቀምጣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።